የሚኒባስ ሙዚቃ ማጫወቻን ድምፅ አስተካክሎ የማስቀመጥ መመሪያ፦ ለድሬዳዋ–ሐረር መስመር

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣና በአደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ ሐረር የሚገባ ሚኒባስ በአንዲት አጭር ጉዞ ውስጥ ጠባዩን ይለዋውጣል። ቆላው ላይ ለሙቀቱ ሲባል መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ ዳገቱ ላይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ እየጮኸ ይጎትታል፤ ደጋው ላይ ሲወጣ ደግሞ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ መስኮቱ ይዘጋል፣ መንገዱም ሜዳ ስለሚሆን መኪናው ውስጥ ጸጥታ ይሰፍናል። ማጫወቻው ግን በተተወበት ልክ መጫወቱን ስለሚቀጥል፣ ዳገቱ ላይ በጭንቅ ይሰማ የነበረው ዘፈን አደሌ ሲደርስ ጆሮ የሚያደነቁር ይሆናል። «ሹፌር፣ እስቲ ቀነስ አድርገው!» የሚለው ጥሪ ከኋላ የሚመጣውም በዚያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር አንድ ግብ አለው፤ በመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ተሳፋሪ የዘፈኑን ግጥም ቃል በቃል ይስማ፣ ጋቢና የተቀመጠውም ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሳይጮኽ ይነጋገር። ይህ በጥራት እንጂ በጉልበት አይገኝም። ስለዚህም ሥራው ከፍላሹ ይጀምራል፣ ወደ ሽቦውና ወደ ስፒከሩ ያልፋል፣ የማጫወቻው ማስተካከያ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅ አጥብቄ የማሳስበው በምክንያት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የተበላሸ ድምፅ በኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ፣ አይድንም፣ ተገልብጦ የታሰረ ስፒከርም የቤዝ ቁልፍ በማዞር አይቃናም።

ፍላሹን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ ፍላሹ ወይም ሚሞሪው በምን ዓይነት ፎርማት እንደተዘጋጀ በኮምፒውተር ያረጋግጡ። አብዛኞቹ የመኪና ማጫወቻዎች ያለ ችግር የሚያነቡት ፋት32 የተባለውን ነው። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሚሞሪዎች ከፋብሪካ የሚወጡት ኤክስፋት ሆነው ስለሆነ፣ ብዙ ማጫወቻ ውስጥ ሲገቡ ምንም ፋይል እንደሌለባቸው ሆነው ይታያሉ። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ አዲስ ሚሞሪ ገዝቶ «አይሠራም» ብሎ ለመመለስ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ይህን ቢያጣራ ድካሙን ይቀንሳል። ከሁሉም የሚሻለው 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ ገዝቶ በፋት32 ፎርማት ማድረግ ነው። ቦታው አይበቃም ብለው አይስጉ፤ በ192 ኪሎቢት በሰከንድ የተቀዳ ሙዚቃ በደቂቃ 1.4 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ 16 ጊጋባይት እንኳ ከ180 ሰዓት በላይ ይይዛል።

ቀጥሎ የፋይሎቹን ጥራት ይመልከቱ። ለኤምፒ3 ፋይል 192 ኪሎቢት በሰከንድ ለመኪና ጥሩ ልክ ነው፤ 128 ይታገሡታል፤ ከዚያ በታች የሆነው ግን ጸናጽሉና ጭብጨባው እየተንሿሿ ስለሚሰማ፣ ድምፁ ከፍ ሲል ተሳፋሪውን ያሰለቻል። በ96 የተቀዳን ዘፈን ወደ 320 መቀየር ፋይሉን ያተልቀዋል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም። ስለዚህ ደጋግሞ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈና በየመተግበሪያው የተቀየረ ቅጂ ካለዎት፣ የተሻለ ቅጂ ፈልገው ይተኩት እንጂ ለማሻሻል አይድከሙ።

አሁን ደግሞ በዚህ መስመር ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ወደሚገባው ነገር እንለፍ፤ እሱም የዘፈኖቹን የድምፅ ልክ ማመጣጠን ነው። በአንድ ፍላሽ ላይ የኦሮምኛ፣ የአማርኛ፣ የሶማልኛና የሐረሪ ዘፈኖች ተደባልቀው ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል የድሬዳዋው አፍራን ቀሎ ቡድን ያፈራቸው ድምፃውያን የቆዩ ሥራዎችና ከካሴት የተገለበጡ ሌሎች ቅጂዎች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በስቱዲዮ የተሠሩት ግን እስከ ጣሪያው ተገፍተው የተቀረጹ ናቸው። ሹፌሩ ለካሴቱ ዘፈን ብሎ ከፍ ያደረገው ቁልፍ ቀጣዩ ዘፈን ሲገባ ተሳፋሪውን ከወንበሩ ያስነሣዋል። ሹፌር በየሦስት ደቂቃው እጁን ከመሪው ወደ ቁልፉ እንዲልክ የሚያስገድደው ይኸው ስለሆነ፣ ጉዳዩ የደኅንነትም ጉዳይ ነው።

ለዚህ የሚያገለግል ኤምፒ3ጌይን የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ድምፁን እንደገና ሳይጨምቅ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የድምፅ ልክ ብቻ በ1.5 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ደረጃ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ጥራት አይቀንስም፤ ውጤቱም በማንኛውም ማጫወቻ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ የፍላሹን ሙሉ ቅጂ በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ፋይሎቹን በሙሉ አስገብተው ያስለኩ፤ ዒላማውን ፕሮግራሙ ራሱ በሚያቀርበው 89 ዴሲቤል ላይ ተዉት፤ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ልክ እንዲያደርግ ይዘዙት። አዲሶቹ ዘፈኖች ቀድሞ ከነበሩት ዝቅ ብለው ይሰማሉ፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ የማጫወቻው ቁልፍ ሁለት ሦስት ቁጥር ከፍ ሲል ሁሉም እኩል ይመጣሉ።

ከካሴት የተገለበጡትን ሲያዳምጡ ድምፁ ከግራ ወይም ከቀኝ ብቻ የሚወጣ ካገኙ፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የሚሰማውን ወገን ብቻ በማስቀረት ወደ ሞኖ፣ ማለትም ከሁሉም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ወደሚወጣበት፣ ይቀይሩት። ቤት ውስጥ በሁለት ስፒከር መካከል ለሚቀመጥ ሰው ይህ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። በሚኒባስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ስፒከር አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ የመኪናው ግማሽ ዘፋኙን ሲሰማ ሌላው ግማሽ የቴፑን ሹሹታ ብቻ ያዳምጣል። እንዲያውም ማጫወቻዎ የሞኖ ምርጫ ካለው በተሳፋሪ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ሞኖ ቢሆን እመርጣለሁ።

የፎልደሮቹን ስም በቁጥር ይጀምሩ። ብዙ ማጫወቻዎች የግእዝ ፊደልን ማሳየት ስለማይችሉ በማሳያ መስታወታቸው ላይ ባዶ ሣጥኖች ይደረድራሉ፤ «01»፣ «02»፣ «03» ብሎ ሰይሞ የቁጥሮቹን ፍቺ በወረቀት መያዝ ይቀላል። መዝሙርና መንዙማ የየራሳቸው ፎልደር ይኑራቸው፤ ከዘፈን ጋር ተደባልቀው ሲመጡ ሁሉንም ወገን ቅር ያሰኛሉ። በተለይ ለቁልቢ ገብርኤል በዓል፣ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን፣ መዝሙሩን በአንድ ቁልፍ ማግኘት ያስፈልጋል። አንዳንድ ማጫወቻ የሚከተለው የስምን ሳይሆን የመገልበጥን ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ፎልደሮቹን በጅምላ ከመገልበጥ አንድ በአንድ በተራቸው ይገልብጡ።

ሽቦውንና ስፒከሩን መፈተሽ

ሃይሩፍ ሚኒባሶች 12 ቮልት ስለሆኑ የተለመደው የመኪና ቴፕ በቀጥታ ይገጠምላቸዋል። በቅጥቅጥ አይሱዙና በትልልቅ አውቶቡሶች ላይ ያለው 24 ቮልት ግን በመቀነሻ መሣሪያ በኩል ወደ 12 መውረድ አለበት። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ ቀላል ዘዴ ቢመስልም፣ አንዱ ባትሪ ሳይሞላ ሌላው ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ።

በገበያ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ቢጫው ሽቦ ዘወትር ኤሌክትሪክ የሚያገኝ፣ ቀዩ በቁልፍ የሚበራ፣ ጥቁሩ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰር ነው። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ማስተካከያዎ ሁሉ የሚሰረዝ ከሆነ፣ ቢጫውና ቀዩ ተቀያይረው ታስረዋል ወይም የቢጫው ፊውዝ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው ክፍል ማለፍ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ለስፒከሮቹ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቅጣጫ ነው። የስፒከሩን ሽቦ ከማጫወቻው ነቅለው በተራ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ነካ ያድርጉት፤ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ ካለ ያ ስፒከር ተገልብጦ ታስሯል፤ ከጓደኛው ጋር እየተቃረነ ስለሚሠራም ቤዙን ያጠፋዋል። ሁለተኛው የኦም፣ ማለትም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ፣ ጉዳይ ነው። የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፤ ከአንድ መውጫ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስሩ 2 ኦም ስለሚሆን ማጫወቻው ይግላል፣ በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ደግሞ ራሱን ያጠፋል። ስፒከር መጨመር ግድ ከሆነ በተከታታይ አስረው 8 ኦም ያድርጉት፤ ካልሆነም አምፕሊፋየር ያስገጥሙ። በካርቶኑ ላይ «50 ዋት በአራት» ተብሎ የተጻፈውን አይመኑ፤ በ14 ቮልት ገደማ የሚሠራ ማጫወቻ በ4 ኦም ላይ ሳይሰነጠቅ የሚሰጠው ኃይል ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም።

ማጫወቻውን ማስተካከል

መኪናውን ጸጥ ያለ ቦታ አቁመው ሞተሩን አስነሥተው ይተዉት፤ ዳይናሞው ሲሠራ ያለው ቮልቴጅ ባትሪው ብቻውን ከሚሰጠው ስለሚበልጥ፣ ማስተካከያው በሥራ ሰዓት ባለው ሁኔታ መደረግ አለበት። ከዚያ ማጫወቻውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፦ ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል መሐል ላይ፣ «ሮክ»፣ «ፖፕ»፣ «ጃዝ» የሚሉት ምርጫዎች ጠፍተው፣ ላውድነስም ጠፍቶ። የመጀመሪያው መፈተኛ ድምፅ ዘፈን አይሁን። ኤፍኤም ሬዲዮ ከፍተው የዜና አንባቢ ያዳምጡ፤ የሰውን ንግግር ጆሯችን አሳምሮ ስለሚያውቀው፣ የጎደለውንም የበዛውንም ወዲያው ይለያል።

ድምፁን በግራና በቀኝ የሚያካፍለውን ባላንስ መሐል ላይ ያድርጉ። ድምፁን በፊትና በኋላ ስፒከሮች መካከል የሚያካፍለውን ፌደር ለማስተካከል ግን ረዳቱን ቁልፉ ዘንድ አስቀምጠው እርስዎ ወደ መጨረሻው ወንበር ይሂዱ። ከዜናው እያንዳንዱን ቃል እስኪለዩ ድረስ ፌደሩ ወደ ኋላ በአንድ በአንድ ቁጥር ይሂድ፤ ሲበቃ ወደ ጋቢና ተመልሰው እዚያም ንግግሩ እንደሚሰማ ያረጋግጡ። ሁለቱንም የሚያስታርቅ ቁጥር ካልተገኘ የኋላ ስፒከሮቹ ደክመዋል ወይም በዕቃ ተጋርደዋል።

ቀጥሎ ንጹሑን የድምፅ ጣሪያ ይፈልጉ። ልኩ የተስተካከለ ዘፈን ከፍላሹ ከፍተው ቁልፉን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፤ የዘፋኙ ድምፅ መሻከር የሚጀምርበትን ቁጥር ይያዙና ከእሱ አራት ቁጥር ያህል ዝቅ ይበሉ። ለምሳሌ እስከ 40 የሚሄድ ማጫወቻ 30 ላይ የሚሻክር ከሆነ ጣሪያዎ 26 ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጨመረው ድምፅ ሳይሆን መሰንጠቅ ነው፣ ትንንሾቹን ስፒከሮች የሚያቃጥላቸውም እሱ ነው። ማጫወቻው የከፍተኛ ድምፅ ገደብ የማስቀመጫ ምርጫ ካለው ይህን ቁጥር ያስገቡበት። ሞተር ሲነሣ ድምፁ ከየት እንደሚጀምር የሚወስን ምርጫም ካለው ወደ 10 አካባቢ ያድርጉት።

አሁን ወደ ኢኳላይዘሩ ይምጡ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቤዙን እስከ መጨረሻ ማዞር ነው፣ ይህም ዳገቱ ላይ ፈጽሞ አይረዳም። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ ደንገጎን ሲወጣ የሚሰማው ጉምጉምታ በ100 ሄርዝ ዙሪያ፣ ማለትም ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ባሉበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ከሞተር ጋር መወዳደር የማጫወቻውን ኃይል ጨርሶ ለግጥሙ የሚሆን አያስቀርም። ድምፅን በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ለማድረግ የኃይሉ እጥፍ እንደሚያስፈልግ ያስቡ።

ስለዚህ የ100 ሄርዙን ቦታ በዜሮ ይተዉት። ከ250 እስከ 400 ሄርዝ ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ፤ የቆርቆሮና የመስታወት አካል ያለው መኪና ይህን ክፍል እያጉላላ ድምፁን ያፍነዋል። ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ያለውን ደግሞ 2 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ፤ የ«ሰ»፣ የ«ተ»፣ የ«ከ» ድምፆች ጎልተው የሚወጡት፣ ግጥምም የሚለየው በዚህ ክፍል ነው። ከ4 ዴሲቤል በላይ ከፍ አያድርጉት፣ ጆሮ ይወጋል። ማጫወቻው ቤዝና ትሬብል ብቻ ካለው ቤዙን አንድ ቁጥር ዝቅ፣ ትሬብሉን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ማድረግ ይበቃል። «ኤችፒኤፍ» የሚል፣ ከተወሰነ ልክ በታች ያለውን ቤዝ የሚያስቀር ምርጫ ካለ ለበር ስፒከሮች 80 ወይም 100 ሄርዝ ላይ ያድርጉት፤ ትንሽ ስፒከር የማይችለውን ቤዝ ሲሸከም ግጥሙንም አብሮ ያንቀጠቅጠዋል።

ላውድነስ የተሠራው በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ጆሮ ቤዝንና ትሬብልን አሳንሶ ስለሚሰማ ያንን ለማካካስ ነው። ለሌሊት ጉዞ ወይም ለግል መኪና ይጠቅማል፤ በዚህ መስመር ላይ ግን ጠፍቶ ይቆይ።

በመጨረሻ ሬዲዮው፣ ፍላሹና ብሉቱዙ በአንድ ልክ እንዲሰሙ የየምንጩን ልክ የማስተካከያ ምርጫ ካለ፣ ሬዲዮውን መለኪያ አድርገው ሌሎቹን ከእሱ ጋር ያመጣጥኑ። ፍጥነትን ተከትሎ ድምፅን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ ካለ በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይክፈቱት፤ ሆኖም ይህ የሚከተለው የጎማውን ፍጥነት እንጂ የሞተሩን ጩኸት ስላልሆነ፣ መኪናው ቀስ እያለ ሞተሩ በሚጮኽበት ዳገት ላይ ሥራውን ገልብጦ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የደንገጎን ዳገት በእጅ ከማስተካከል ሌላ መፍትሔ የለም።

ደንገጎ ላይ መፈተን

ፈተናው ተሳፋሪ ሳይጫን ቢደረግ ይሻላል፤ ሹፌሩ መንዳቱን ብቻ ይይዛል፣ ቁልፉን የሚነካው ረዳቱ ነው። ዳገቱ መካከል፣ መስኮቱ እንደ ልማዱ ተከፍቶ፣ ከመጨረሻው ወንበር ግጥሙ የሚለይበትን ዝቅተኛ ቁጥር ይያዙ። ደጋው ላይ ሲደርሱ፣ በአደሌና በሐረማያ መካከል መስኮቱ ተዘግቶ፣ ያንኑ ይድገሙ። ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 22 እና 14። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ረዳቱ ማድረግ ያለበት ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ብቻ ነው፣ መገመት አይኖርም። የዳገቱ ቁጥር ከጣሪያዎ ካለፈ ወደ ኢኳላይዘሩ ተመልሰው ቤዙን ሌላ አንድ ቁጥር ዝቅ ያድርጉ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ግን የደጋውን ቁጥር ወይም ከእሱ ያነሰ ይጠቀሙ። ጠመዝማዛው ላይ ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና ክላክስ፣ የራስዎም ፍሬን የሚሰጠው ድምፅ ከማንኛውም ዘፈን በፊት መሰማት አለበት፤ በዚህ ላይ ከተሳፋሪ የሚመጣ «ጨምርልን» የሚል ልመና መቀበል የለበትም።

በፈተናው ጊዜ የሚንቀጫቀጭ ነገር ከሰሙ በእጅዎ እየተጫኑ ይፈልጉት። ብዙውን ጊዜ የበሩ ልባጥ ወይም የስፒከሩ ክዳን ይሆናል፤ ብሎኑን አጥብቀው ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ ቢያደርጉበት ይቆማል።

የሹፌሩንና የረዳቱን ጆሮ ማሰብም የዚህ ሥራ አካል ነው፤ ተሳፋሪው ሐረር ላይ ይወርዳል፣ እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ገደብ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ግምቱን ይሰጣል። ስልኩን ከሹፌሩ ጆሮ አጠገብ ይዘው በሁለቱም ቁጥሮች ላይ ይለኩ፤ በደጋው ቁጥር ከ80 በላይ ካሳየ ገና የሚቀነስ አለ።

ስልክ ሲገናኝ

በብሉቱዝ ሲጫወት የስልኩን ድምፅ ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ቀሪውን በማጫወቻው ይቆጣጠሩ፤ የመልእክት ማስታወቂያ ድምፆችንም ያጥፉ። በኦክስ ገመድ ሲሆን ስልኩን ሰማንያ በመቶ ገደማ ላይ ያቁሙት። ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ በኦክስ ሲጫወት ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚቀጥን የፉጨት ድምፅ ከመጣ፣ መንሥኤው ቻርጀሩና ኦክሱ ሁለቱም በመኪናው አካል በኩል መገናኘታቸው ነው፤ ቻርጀሩን ሲነቅሉ ይጠፋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የፌደሩን፣ የኢኳላይዘሩን፣ የጣሪያውን፣ የዳገቱንና የደጋውን ቁጥሮች ከፎልደሮቹ ዝርዝር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው በፕላስተር ሸፍነው በክሩስኮቱ መሳቢያ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ። ባትሪ በተነቀለ ቁጥር ማጫወቻው ቁጥሮቹን ሊረሳ ስለሚችል፣ ጋራዥ ደርሶ የተመለሰ መኪና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ረዳቱ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር።